የእድሩ ኮሚቴ ያየው ኦፕራሲዮን

ይህ የሆነው ባቡሩ ቃሊቲ ድረስ መምጣት በጀመረ በዓመቱ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ ቢያልፈውም ዛሬም ከእድር ሰዎች ጋር ቴሌቪዥን ፊት ስቀመጥ ላብ ያጠምቀኛል። ጥፋቱ የኔ ነበር። ይሁን እንጂ ከሠራኋቸው ጥፋቶች ሁሉ የጠቀመው ያ ብቻ ስለሆነ ልጽፈው ወደድኩ።

እህቴ ትርሲት ያኔ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ሃያ ሦስት። ከእናታችን ጋር ሦስት ሆነን ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ትርሲት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች፤ ቤቱም የደረሰው በእሷ እጣ ነው። እኔ በዚያ ዓመት ብቻ ሦስት ሥራ ለቅቄያለሁ። ግጥም እጽፍ ነበር። ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም አላነበበልኝም። ሰፈሩ ግን "ገጣሚው" ይለኛል፤ ሥራ ፈቱ ላለማለት ይመስለኛል።

ትርሲት ከልጅነቷ ጀምሮ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ትታመማለች። እናታችን ደግሞ ዕድሜዋን በሙሉ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ፊት ቆማ የሠራች ሴት ናት። "ሴት የሆነች ሁሉ ያማታል። ጥርስሽን ንከሺ" ትላታለች። ትርሲትም ነከሰች። ልጅ አልመጣም፣ ትዳሯ ፈረሰ፤ እሷ ግን ጥርሷን ነክሳ ፋብሪካ ትሄዳለች። አንዳንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኛታለሁ።

"ምን ሆንሽ?" እላታለሁ።

"ጫማዬን እያሰርኩ ነው።"

ጫማዋ ክር የለውም።

ስለ ሕመሟ ሦስት ግጥም ጽፌያለሁ። አንዱን እንዲያውም እወደው ነበር። የቱ ጋ እንደሚያማት ግን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

በመጨረሻ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ሐኪም በደንብ መረመራትና የበሽታውን ስም ነገራት፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ። ሲያስረዳት አብሬ ነበርኩ። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ ይበቅላል። በየወሩ ያብጣል፣ ይደማል፤ ደሙ ግን መውጫ የለውም። የትርሲት ደግሞ በጥልቀት ሥር ሰዶ፣ ማህፀኗን ከአንጀቷ ጋር አጣብቆታል። መድኃኒቱን ሁሉ ሞክራ አልሆነም። ሐኪሙ ማህፀኑ ቢወጣ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሥር የሰደደውም አብሮ ተለቅሞ መነሳት እንዳለበት ነገራት። "ሆድሽን በሰፊው አንቀድም፤ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብተን ነው የምንሠራው" አላት። ከዚያ በኋላ መውለድ እንደማትችልም ደጋግሞ ነገራትና "አስቢበት" አላት። ሁለት ወር አሰበችበት። ከዚያ ፈረመች።

ኦፕራሲዮኑ ብዙ ሰዓት ቢፈጅም በሰላም አለቀ። ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት ትርሲት ሐኪሙን "ያወጣችሁትን ማየት እፈልጋለሁ" አለችው። እሱም ካሜራው ከቀረጸው ዋና ዋናውን በሲዲ ገልብጦ ሰጣት። ቤት ስንደርስ ግን ለኔ አቀበለችኝ።

"አሁን አቅም የለኝም። አስቀምጥልኝ። እማዬ እንዳታየው።"

ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። እናቴ ባለችበት ቤት ምንም ነገር መደበቅ አይቻልም። ፍራሽ ታገላብጣለች፣ ደብተር ታራግፋለች። አስቤ አስቤ በምድር ላይ ማንም ሰው የማይከፍተው አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ የእድራችን የሦስተኛ ዓመት በዓል ሲዲ።

የብሎካችን እድር ሦስተኛ ዓመቱን ሲያከብር በዓሉን በካሜራ አስቀርጾ ለየቤቱ አንዳንድ ሲዲ አድሎ ነበር። አብዛኛው ንግግር ነው። ሽፋኑ ላይ የሊቀመንበራችን የጋሽ ደምሴ ፎቶ በአበባ ተከቦ ይታያል። ሲዲውን ከወራት በፊት በክር አስሬ በረንዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ እናቴ የተበላሸ የዘፈን ሲዲ ይመስላታል፤ እየተሽከረከረ ሲያብረቀርቅ እርግቦቹ እናቴ ያሰጣችውን ስንዴ አይነኩም። ባዶ ሽፋኑ ቴሌቪዥኑ ሥር ቀርቶ ነበር። የትርሲትን ሲዲ እዚያ ውስጥ ከተትኩትና በብልህነቴ ተደስቼ ወጣሁ።

ስለ እድሩ ሌላም መናገር አለብኝ። ትርሲት በዚያ ዓመት ሁለት ቀብር አልደረሰችም፤ ሦስተኛውን ደግሞ መንገድ ላይ ትታው ተመልሳለች። እድር ውስጥ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት የኮሚቴ አባል፣ እትዬ ብርቄ፣ "ለቅሶ ሲሆን የሚያማት" የሚል ስም አወጡላት። በማግስቱ እሑድ ጠቅላላ ስብሰባ አለ፤ አንዱ አጀንዳ ትርሲትን ከአባልነት መሰረዝ ነው። እናቴን እንቅልፍ የነሳትም ይሄው ነበር።

"ስሞት ማን ድንኳን ሊተክልልኝ ነው? እናንተ ሁለታችሁ?" ትላለች እኔን ከላይ እስከ ታች እያየች።

የእድሩ ደንብ "ታመምኩ ያለ አባል በኮሚቴ በዓይን ታይቶ ይረጋገጣል" ይላል። ስለዚህ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ኮሚቴው ሊያያት እንደሚመጣ ተነገረን። ከሆስፒታል ከወጣች ሦስተኛ ቀኗ ነበር።

ችግሩ፣ ትርሲት ታማሚ አትመስልም። ሐኪሙ ተራመጂ ብሏት ሆዷን በእጇ ደግፋ ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ ትመላለሳለች። ቀስ ትላለች እንጂ ፊቷ በርቷል። ቁስሏም አራት ትንንሽ ፕላስተር ብቻ ነው። ሰዓቱ ሲቃረብ እናቴ ተሸበረች።

"ነይ ተኚ። ጋቢውን እስከ አገጭሽ ሳቢው። ሲገቡ ደግሞ ትንሽ አቃስቺ።"

"አላቃስትም።"

"ለኔ ስትይ።"

"ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያመኝ ባቃስት 'ጥርስሽን ንከሺ' አልሽኝ። ዛሬ ሲሻለኝ ላቃስት?"

እናቴ ጋቢውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ትተኛለች፣ ግን አታቃስትም።

ሦስቱም በሰዓታቸው መጡ። ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና መካኒክ ናቸው፤ ባርኔጣቸው ከራሳቸው አይወርድም። ኑሪ ምድር ቤት ሱቅ ያለው የስልጤ ልጅ፣ የእድሩ ጸሐፊ ነው፤ የቃለ ጉባኤ መዝገቡን ታቅፎ ገባ። እትዬ ብርቄ ደግሞ በሳህን ገንፎ ይዘዋል፤ መሃሉ ላይ ቅቤው ያብረቀርቃል።

እናቴ ገንፎውን አይታ ክው አለች። "ብርቄ፣ ይሄ እኮ ለወለደች ነው" አለቻቸው በሹክሹክታ።

"ምን ላድርግ ታዲያ? ለማህፀን የሚመጣ ሌላ ምግብ አላውቅም!"

ወንዶቹ ከመኝታ ቤቱ በር ላይ ሆነው "ይማርሽ" ብለው ወደ ሳሎን ተመለሱ። እትዬ ብርቄ ግን ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"የት ጋ ነው የተቀደድሽው?"

ትርሲት ቀሚሷን ትንሽ ገለጥ አድርጋ አንዱን ፕላስተር አሳየቻቸው።

"ይቺ ናት?"

"አራት ናቸው።"

"እኔ እንኳ ምስማር ወግቶኝ ከዚህ የሚበልጥ ጠባሳ አለኝ። ማህፀን በዚች ቀዳዳ ወጣ ልትዪኝ ነው?"

"በሱ አልወጣም።"

"ታዲያ በየት?"

ትርሲት ጠጋ ብላ በጆሯቸው ነገረቻቸው። እትዬ ብርቄ እያማተቡ ወጡ። ሳሎን ሲደርሱ ለሁሉም እንዲሰማ "እኔ ስድስት ወልጃለሁ። ልጅ ሲወጣ አውቃለሁ፤ ቤቱ ራሱ ሲወጣ ግን ሰምቼ አላውቅም" አሉ። ኑሪ ይጻፈው አይጻፈው ግራ ገብቶት ጋሽ ደምሴን አያቸው።

እናቴ ሻይ እንዳፈላ ወደ ኩሽና ላከችኝ። ስኳሩን እየፈለግሁ ሳለ የጋሽ ደምሴ ድምፅ መጣ።

"እንዴ! የኛ ሲዲ! ሰዉ የትም ይጥለዋል ስል እናንተ ቴሌቪዥን ሥር በክብር አስቀምጣችሁታል?"

"እንዴታ!" አለች እናቴ። "በየሳምንቱ ነው የምናየው።"

"እስኪ ኑሪ ክፈተው። ለልጅቷም ሞራል ይሆናታል።"

ስኳሩን መሬት ላይ አፍስሼ ሮጥኩ። ስደርስ ማጫወቻው ዴክ ሲዲውን ውጦታል። የዴካችን ማውጫ ቁልፍ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ሲዲ የሚወጣው በእስክሪብቶ ጫፍ ተወግቶ ነው። ኪሴን ዳበስኩ። በሕይወቴ እስክሪብቶ ያጣሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

"ኑሪ፣ እስክሪብቶህን!"

"እየጻፍኩበት ነው" አለኝ፤ ቀና እንኳ አላለም።

ስክሪኑን ቀይና ሮዝ የሆነ፣ እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ሞላው።

"ድንኳኑ ነው" አሉ ጋሽ ደምሴ። "ከውስጥ ሆኖ ነው የቀረጸው።"

"ድንኳናችን እኮ ሰማያዊ ነው" አለ ኑሪ።

"ወጡ ነው!" እትዬ ብርቄ ከሶፋው ብድግ አሉ። "እኔ የሠራሁት ቀይ ወጥ! ያ ካሜራ የያዘው ልጅ ከድስቱ ላይ አልነሳም ብሎኝ ነበር እኮ። ይኸው!"

በዚህ መሃል ቀጭን የብረት መቆንጠጫ ከጎን ብቅ አለ። አንዱን ነገር ያዝ አድርጎ ሳበው። ሌላ መሣሪያ መጥቶ ነካው፤ ጭስ ተነሳ።

"ወጤን ምን እያደረጉት ነው?" አሉ እትዬ ብርቄ።

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አወጡ። እናቴ እኔን አየችኝ፤ ፊቴን ስታይ የሆነ ነገር የገባት መሰለኝ።

"ጋሽ ደምሴ፣ ይሄ በዓሉ አይደለም" አልኩ።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

ቃል እየፈለግሁ አድራለሁ የምል ሰው፣ አንድ ቃል ከአፌ አልወጣ አለ።

"እኔ ነኝ" አለ ድምፅ ከኋላችን።

ትርሲት ጋቢዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆማለች።

ሶኬቱን ልነቅል ተንደረደርኩ። "ተወው ናሆም" አለችኝ። "እኔም አላየሁትም።" ሆዷን ይዛ ቀስ ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ኑሪ ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ሳበና አንገቱን ደፋ።

"ኑሪ፣ ቀና በል" አሉት ጋሽ ደምሴ። "ውስጥ ነው እኮ። ውስጥ ምን ሃፍረት አለው?"

ትርሲት የገንፎውን ማንኪያ አነሳችና ወደ ስክሪኑ ጠቆመች። "ይሄ ማህፀኔ ነው። ያ አንጀቴ ነው። እነዚህ ጥቋቁሮቹ በሽታው ናቸው።" ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። ሐኪሙ የነገራትን አንድም ቃል አልረሳችም።

ጋሽ ደምሴ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄደው አጎነበሱ። "ይሄና ይሄ ለምን አይላቀቁም?"

"ተጣብቀው ነው።"

"ታዲያ ስትራመጂ?"

"ይጎትተኛል።"

"ስትቀመጪስ?"

"እሱም ይጎትተኛል።"

ቀና ብለው አዩዋት። "ሠላሳ ዓመት ሞተር ፈትቻለሁ። እንዲህ የተጣበቀ ሞተር አንድ ቁልቁለት አይወርድም። አንቺ ይሄን ይዘሽ ነው አራት ፎቅ የምትወጪው?"

"ፋብሪካም እሄድ ነበር ጋሼ።"

እናቴ ከሶፋው ጀርባ ቆማ ነበር። "አጥፉት" አለች። ተነሳሁ። "አይ፣ ተወው" አለች ወዲያው። "ልየው።"

መቆንጠጫው አንጀቱን ከማህፀኑ ጥቂት በጥቂት ማላቀቅ ጀመረ። ከአንዱ ጫፍ ለቀቀ፣ ከመሃል ለቀቀ፣ ትንሽ ብቻ ሲቀር መብራት ሄደ።

"ኧረ!" አሉ ሁሉም አንድ ላይ።

"አሁን ይሄዳል?" እትዬ ብርቄ መብራት ኃይልን ረገሙ። "አንጀቷ ሳይለቅ?"

ኮሚቴው ይነሳል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልተነሳም። ጥቁሩ ስክሪን ፊት ተደርድረው ተቀመጡ። ገንፎው ለሁሉም ታደለ። ትርሲት ሁለት ጊዜ ጎረሰችና "ይጣፍጣል" አለች፤ እትዬ ብርቄ አቀረቀሩ።

ኑሪ ድንገት መዝገቡን ዘጋ። "ያኔ፣ ከቀብሩ የተመለሰች ጊዜ፣ ሱቄ ገብታ የጨው ጆንያ ላይ ተኝታ ነበር" አለ። "ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር። ውሃ ሰጠኋት። ለኮሚቴው ግን አልተናገርኩም። የሴት ነገር ነው፣ ወንድ አያወራውም ብዬ።"

"አንተ ዝም አልክ፣ እኔ ስም አወጣሁ" አሉ እትዬ ብርቄ።

መብራቱ ሲመለስ ዴኩ ከመጀመሪያው ጀመረ። ማንም አሳልፈው አላለም። እንደገና ተመለከቱት፤ ጋሽ ደምሴ ይሄኔ ባለሙያ ሆነው "አሁን ከግራ ይገባል፣ ተመልከቱ" ይላሉ። አንጀቱ ተላቆ እንደ ልቡ ሲንቀሳቀስ እትዬ ብርቄ እልል አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ከዚያ ማህፀኑ ራሱ ተለየ። ትንሽ ነገር ነው። በመሣሪያ ተይዞ ቀስ እያለ ወደ ታች ሄደና ከስክሪኑ ጠፋ።

ትርሲት ማንኪያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ያን ጊዜ የሆነውን ብዙ ሰው አያምነኝም። ጋሽ ደምሴ ከመቀመጫቸው ተነሱና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ኑሪም ተነሳ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ማንም አላዘዛቸውም። የእድር ሰዎች ናቸው፤ ከቤት የሚወጣ ነገር ሲያዩ ይቆማሉ። እናቴም ቆመች፣ እኔም ቆምኩ። ስክሪኑ ላይ የቀረው ባዶ ቦታ ነበር።

"እግዜር ያጽናሽ" አሏት ጋሽ ደምሴ፣ ከልባቸው።

መጀመሪያ የትርሲት ዓይን እንባ ሞላ። ቀጥሎ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰች መስሎኝ ጠጋ ስል እየሳቀች ነው። ለማህፀኗ ለቅሶ የተቀመጠላትን ኮሚቴ እያየች፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች።

"አታስቁኝ፣ ቁስሌ!" አለችና ጮክ ብላ አቃሰተች።

እናቴ የዚያን ቀን የተመኘችው ማቃሰት ይሄው መጣ፤ አሁን ግን ደንግጣ ሮጣ አቀፈቻት።

ጋሽ ደምሴ አየር ልውሰድ ብለው በረንዳ ወጡ። ተከተልኳቸው። እዚያ ሲዲው በክሩ ላይ ይሽከረከራል፤ የገዛ ስማቸው ተጽፎበት ይነበባል። በጣታቸው ያዝ አድርገው አቆሙት።

"እርግብ ያባርራል?" አሉኝ።

"ያባርራል ጋሼ።"

"ንግግሬ መርዘሙን ባለቤቴም ነግራኝ ነበር" አሉና ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ።

በማግስቱ ስብሰባው ላይ ኑሪ ቆሞ ቃለ ጉባኤውን አነበበ። "ኮሚቴው የአባላችንን የወይዘሮ ትርሲትን ሕመም ለማረጋገጥ ቤቷ ድረስ ተገኝቶ፣ ማህፀኗን ሁለት ጊዜ በዓይኑ አይቶ፣ ስትታመም እንደኖረች አረጋግጧል።" የሚሳቅ መስሎኝ ተሳቅቄ ነበር። ማንም አልሳቀም። ከኋላ አንዲት ሴት ብቻ እጇን አውጥታ "እኛስ መቼ ነው የምናየው?" አለች። መሰረዙ ሳይነሳ ስብሰባው ተበተነ።

ስብሰባው ካለቀ በኋላ ያቺ ሴት ልጇን አስከትላ አራተኛ ፎቅ ወጣች። ልጅቷ በየወሩ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ትርሲት የሐኪሙን አድራሻ ጽፋ ሰጠቻቸው። እስክሪብቶ ያቀበልኳት እኔ ነኝ።

እናቴ ይቅርታ አላለችም። እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ነገር ግን በሳምንቱ ትርሲትን ለምርመራ ወስደን ስንመለስ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትርሲት ቀስ ማለት ስትጀምር፣ እናቴ ቀድማን ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

"ቆዩ፣ ጫማዬን ልሰር" አለች።

ያደረገችው ነጠላ ጫማ ነበር። ትርሲት አየችውና አጠገቧ ተቀመጠች። እኔም ከሥራቸው ተቀመጥኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም "ትርሲት፣ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?" አልኳት።

"አሁን?" አለችና ሆዷን ዳበሰች። "አሁንስ የትም።"

ዛሬ ያን ቅዳሜ ሳስበው እስቃለሁ፣ ወዲያው ደግሞ አፍራለሁ። ሦስቱን ግጥሞች ቀድጃቸዋለሁ። የኑሪን ቃለ ጉባኤ ግን ለምኜ ገልብጬ አስቀምጫለሁ። ሲዲውም አሁንም ቴሌቪዥኑ ሥር፣ በአበባ በተከበቡት በጋሽ ደምሴ ሽፋን ውስጥ ነው። ማንም አልደበቀውም።